ሦስተኛ የወጣችው ልጅ

ጥቅምት 7 ቀን 2000 ዓ.ም.

ጋዜጣው ወጣ። አስተማሪዎች ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ዘጠነኛን ጨርሰው፣ እዚህ ስዊድን ዪምናሲየም የሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ለመግባት የበቁ ልጆች በመቶኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ተደርድረዋል። የኛን ከላይ ጀምሬ ስፈልገው አጣሁት፤ ከታች ጀምሬ ስፈልገው ወዲያው አገኘሁት። የሂሳብ አስተማሪው ዮራን «ከኛ በታችም አሉ እኮ» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ከሰዓት በኋላ ርእሰ መምህሯ ጉኒላ ሰበሰበችን። ነገሩ አጭር ነው። ለመጪው ነሐሴ ሰባተኛ ክፍል የሚመዘገቡት ልጆች ሁለት ክፍል ካልሞሉ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያለው ይዘጋል። ልጆቹ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ሰፈር ይበተናሉ። ወላጆች ምርጫቸውን የሚያስገቡት እስከ ጥር ድረስ ነው። ከተማ መሀል ያሉት ፍሪስኩላ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ክፍያ አይጠይቁም፤ ባለቤታቸው መንግሥት አይደለም፤ መስኮታቸው ንጹሕ ነው። ልጆቻችንን አንድ በአንድ እየለቀሙ ወሰዱብን።

እኔ የማስተምረው አማርኛ ነው፤ ሌላው ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ የኛዎቹ እያዛጉ የሚቀመጡበት ክፍለ ጊዜ። በቀረው ሰዓት ትልልቆቹ ክፍሎች ውስጥ ልጆች አጠገብ ተቀምጬ ያልገባቸውን አስረዳለሁ። እነዚያ ክፍሎች ከተዘጉ ያ ሰዓት አብሮ ይሄዳል። ግን እኔ የምጨነቀው ለሥራዬ አይደለም። ለልጆቹ ነው።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ማስረሻ ጋዜጣውን ይዞ ጠበቀኝ። ማስረሻ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊም እሱ ነው። «ጋሼ ሞላልኝ፣ ይሄን አይተውታል? እኔ ልጄን እዚያ አላቆየውም» አለኝ። ሰው ተሰበሰበ። ብርቅነሽም መጣች።

ብርቅነሽ ሁዲንጌ ሆስፒታል ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ትልቋ ማርያማዊት እኛ ጋ ዘጠነኛ ክፍል ናት። መንታዎቹ ስድስተኛ ናቸው፤ በነሐሴ ሰባተኛ ይገባሉ። እናቶቹ የሚሰሟት እሷን ነው። ብርቅነሽ ልጆቿን ካስወጣች ሌሎቹ ተከትለዋት ይወጣሉ፤ ሁለተኛው ክፍል የሚባል ነገር አይኖርም።

«ልጄ ዘጠነኛ ደርሳ ስንተኛ እንደሆነች አላውቅም» አለች። «እናቴ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነበረች። ግን የኔን ደረጃ ታውቅ ነበር። ለጎረቤት ትናገር ነበር።»

እዚህ አገር ደረጃ የለም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እነሱ ግን የተደበቀባቸው ነገር ያለ ነው የመሰላቸው። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ዩኒት ሊደር ሳለሁ፣ ሰኔ ላይ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን በድምፅ ማጉያ ስጠራ እናቶች እልል ሲሉ አስታውሳለሁ። ያን ቀን የምወደውን ያህል በዓል አልወድም ነበር። እዚህ ልጅ ጎበዝም ሆነ ሰነፍ፣ ለእናቱ የሚነገራት «ደስ የሚል ልጅ ነው» ነው።

ጥቅምት 20

በችኮላ። ጉኒላ ኮሪደር ላይ፦ «ሞላልኝ፣ ያንተ ሰዎች አንተን ያምናሉ። አነጋግራቸው።» እሺ አልኩ። ምን ብዬ እንደሆነ አልነገረችኝም።

ቱነልባና፣ ምድር ለምድሩ ባቡር ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሐበሾች፦ «እዚያ የቀሩት መሄጃ ያጡት ናቸው።» ዞሬ አላየኋቸውም። አንዷን በድምፅ የማውቃት መሰለኝ።

አፀደ እራት ላይ «ሊሊስ?» አለች። ልጃችን ሊሊም በነሐሴ ሰባተኛ ናት። «ሊሊማ እኛ ጋ ናት፤ አባቷ የሚያስተምርበት» አልኳት። አፀደ ሳህኑን አነሳች። ከሚስቴ ጋር ሃያ ዓመት ኖሬ፣ ዝም ስትል ተስማማች ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ኅዳር 5

ዛሬ የብርቅነሽ ተራ ነበር። በየመንፈቁ ወላጅ፣ ልጅና አስተማሪ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ቀን ነው፤ እኔ አስተርጓሚ። አስተማሪው ዮራን ነው።

ዮራን «ማርያማዊት ክፍሉን ታረጋጋለች፣ ሰው ትረዳለች፣ አብሯት መሥራት ደስ ይላል» አለ። ይሄን እንዳለ ተረጎምኩት፤ እንዲያውም ትንሽ ጨመርኩበት። ቀጥሎ «በሂሳብ ግን ብዙ ይቀራታል። እንዲህ ከቀጠለች ዪምናሲየም አትገባም» አለ። እኔ «በሂሳብ ትንሽ በርታ ትበል» አልኩ። ማርያማዊት ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች። ጠረጴዛውን ነበር የምታየው።

ብርቅነሽ «ስንተኛ ናት ብለው ይጠይቁልኝ» አለችኝ። ጠየቅኩት። ዮራን ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ግን ሳቀ። «እኛ ልጆችን አናወዳድርም» አለ። የብርቅነሽን ፊት አየሁት።

ኮሪደር ላይ ካፖርቷን እየቆለፈች «ገባኝ፤ ልጄ መጨረሻ ሆና ነው የደበቁኝ» አለች። «መንታዎቹን ከተማ አስገባለሁ። እዚያ ቢያንስ ፈተና አለ ይላሉ።»

«ሦስተኛ ናት» አልኳት።

ከየት እንደመጣ አላውቅም። አፌ ላይ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ቁጥሩ የዋዛ አይደለም። አንደኛ ብላት ማጣራቷ አይቀርም። ሁለተኛ ብላት አንደኛዋ የማን ልጅ ናት ትለኛለች። ሦስተኛን የሚያጣራ ሰው የለም።

ብርቅነሽ አላመነችም። «ሦስተኛ? የኔ ልጅ?» አለች። ከዚያ ማርያማዊትን ጎትታ ግንባሯን ሳመቻት። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። እኔም ሰዓቴን አየሁ። የምቸኩልበት ነገር አልነበረኝም።

አንዲት እናት ደስ አላት። ማንን ጎዳሁ?

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል። «ለካ ጋሼ ሞላልኝ ያውቁታል» እየተባባሉ ተሰለፉብኝ። አላውቅም ልል ነበር። ግን ብርቅነሽ አጠገቤ ቆማ «መንታዎቹ እዚያው ይቀጥላሉ፤ ወስኛለሁ» እያለች ነበር፤ እናቶቹም እየሰሟት።

የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ሁሉን በጭንቅላቴ መያዝ አለብኝ። ከአንድ ክፍል ሁለት አራተኛ እንዳይወጣ። ለማስረሻ ልጅ ሰባተኛ ብዬ ማስረሻ ተቆጣ፦ «ሰባተኛ? ከማን አንሶ?» የቆጠርኩት ያለፈውን ዓመት ነው፣ ዘንድሮ አምስተኛ ነው አልኩት። ጨበጠኝ።

ባዶ ፈጠራ አይደለም። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፣ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ጎበዙን ከሰነፉ የመለየት የሃያ ዓመት ልምድ አለኝ። ማርያማዊት ብቻ ናት ትንሽ ከፍ ያለችው።

ኅዳር 19

ዮራን ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ የሂሳብ ማጠናከሪያ ጀመረ። ለሚያሰጉት ልጆች ነው። የማርያማዊት እናት እንቢ አለች አለኝ፣ ግራ ተጋብቶ። «ለምንድነው? ልጅቷ እኮ ያስፈልጋታል።»

ብርቅነሽ ትናንት ስልክ ደውላልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ሦስተኛ የወጣችን ልጅ ከደካሞች ጋር ለምን ያስቀምጧታል? ስም ማጥፋት አይደለም?» አለችኝ። የዚያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። «እስቲ እጠይቃለሁ» አልኳት።

ለዮራን «የባህል ጉዳይ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እዚህ አገር ይቺን ቃል ከተናገርክ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅህም። አፈርኩ። እስካሁን አፍሬያለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። እናቶቹ መክረው ማርያማዊት ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሹ ትንንሾቹን ሂሳብ እንድታስተምር አደረጉ። ሦስተኛ ናታ! ብርቅነሽ አዲስ ጫማ ገዝታላታለች። «ሊሊንም ይላኳት እንጂ ጋሼ» አለችኝ። አልክም ብል ምን ይባላል? ላክኋት።

ሊሊ ማታ በስዊድንኛ፦ «ፓፓ፣ ማርያማዊት ክፍልፋይ አታውቅም። እኔ በጆሮዋ እየነገርኳት ነው የምታስተምረው።»

«ደክሟት ይሆናል» አልኩ።

«አልደከማትም። ቀድማ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።»

አፀደ ከምታጣጥፈው ልብስ ቀና ብላ አየችኝ። ሊሊን «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ጓደኛሽን ታሳፍሪያታለሽ» አልኳት። ደግነት መስሏት እሺ አለች።

ታኅሣሥ 12

መንፈቁ አለቀ፤ ውጤት ተሰጠ። ብርቅነሽ ደወለች፦ «ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ፊደል አለው። ሂሳብ ላይ ግን ሰረዝ ነው። ሰረዝ ምንድነው?»

ሰረዝ አላለፈችም ማለት ነው። ሂሳብ ደግሞ፣ ከስዊድንኛና ከእንግሊዝኛ ጋር፣ ያለሱ ዪምናሲየም የማይገባበት ነው። የመጨረሻው ውጤት ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ ላይም ሰረዝ ከሆነ እኩዮቿ ሲሄዱ እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች።

«አስተማሪው ገና አልወሰነም፤ በሁለተኛው መንፈቅ ይሞላል» አልኳት።

ውሸት አይደለም። በሁለተኛው መንፈቅ ሊሞላ ይችላል። ጥር ያልፍና ሁሉንም ቁጭ ብዬ አስረዳታለሁ። ማጠናከሪያውም እስከ ግንቦት አለ። ምርጫው ይለቅ ብቻ። አንድ ወር ምን ያደርጋታል?

አንድ ወር ምን እንደሚያደርግ እኔ ነኝ የማላውቀው? አስተማሪው?

ጥር 6

ከአፀደና ከሊሊ ጋር ከተማ ወጣን። የምንገዛው ነገር ነበር። ስንሄድ አፀደ መንገድ ላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ለማየት ምን አለበት ብላ ገባን። እንግዳ መቀበያ ቀን ኖሯል። ቤተ ሙከራቸው ጥሩ ነው። ለየልጁ ኮምፒውተር አላቸው። ሊሊ ለአንዲት አስተማሪ ስለ ጨረቃ ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ረጅም መልስ ሰጠቻት።

የመጣንበትን ዕቃ ሳንገዛ ቤት ገባን።

ጥር 11፣ እሑድ

ጥምቀት። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል፤ ነጠላ ከካፖርት ላይ ተደርቦ። ማስረሻ «ምርጫችን ገብቷል ጋሼ፣ ሰፈራችን ብለን ሞልተናል» አለኝ። ሌሎቹም እንዲሁ። ብርቅነሽ እናቶቹን አንድ በአንድ እየዞረች «ሞላሽ?» ትላለች፤ ለጉኒላ እንኳ እንዲህ የሚሠራላት ሰው የለም።

ማርያማዊት ከመዘምራኑ ጋር ነበረች። አሻግሬ ሰላም ብላት እንዳላየችኝ ሆነች። ፀሐዩ ዓይኗን ወግቷት ይሆናል።

ጥር 21

ምርጫው ነገ ይዘጋል። አፀደ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፦

«አንተ ሰዎቹን ያዝክ፣ ደግ። ልጄን ግን አትያዝብኝ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

ትምህርት ቤቱ አባቷ የሚሠራበት ነው፣ አስተማሪዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ዮራን ጎበዝ አስተማሪ ነው አልኳት። «እሺ፣ ሊሊ እዚያ ብትማር ምን ትሆናለች?» አለችኝ። «እንደ አስተማሪ ንገረኝ።»

መልሴን እዚህ አልጽፈውም።

ጥር 22

ተዘጋ።

የካቲት 6

ሁለት ክፍል ሞላ፤ ተርፎም አለ። ጉኒላ ኬክ አስመጣች። አስተማሪዎቹ ፊት ስሜን ጠርታ አመሰገነችኝ፤ በትክክል ለመጥራት ተለማምዳበታለች መሰለኝ። ዮራን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የአውቶቡሱ ወሬ ቀረ። የኔም ሰዓት አይነካም።

ብርቅነሽን ዛሬ ልደውልላት ነበር። ደስታው መሀል እንዴት ብዬ? በሚቀጥለው ሳምንት።

የሊሊም ነገር ተስተካክሏል። አፀደ ደስ ብሏታል።

የካቲት 14

አልደወልኩም። ረቡዕ ዕለት ከማጠናከሪያው ክፍል ፊት ለፊት አለፍኩ። ዮራን ለአራት ልጆች እያስተማረ ነበር። ባዶ ወንበር ሞልቷል።

የካቲት 20

አማርኛው አልቆ ልጆቹ ሲወጡ ማርያማዊት ቀረች። ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ ጋ ቆመች። መጀመሪያ በስዊድንኛ ጀመረች፤ ከዚያ ትታው በአማርኛ፣ ቃል እየፈለገች፦

«ጋሼ፣ እኔ መግባት ፈልጌ ነበር።»

«የት?»

«ረቡዕ። ዮራን ጋ። ለእማዬ ነገርኳት። ሦስተኛ ነሽ አትገቢም አለችኝ። ሂሳብ አይገባኝም አልኳት። ትሕትና ነው አለች። ለሰው ሁሉ ትሕትናዋን እዩልኝ ብላ ነገረች።»

«ማርያማዊት...»

«እውነቱን ልነግራት ብዬ ነበር። ግን በጣም ደስ ብሏት ነበር። ሥራ ቦታ ላሉት ስዊድኖች ሁሉ ነግራለች። በየቀኑ እርስዎ እስኪነግሯት ጠበቅሁ።»

አላለቀሰችም። ቢያለቅሱ ይሻላል፤ የሚባል ነገር አይጠፋም። «እነግራታለሁ» አልኳት። «መቼ?» አለችኝ። አንድ ቀን አልጠራሁላትም። ትንሽ ጠበቀችና «እሺ» ብላ ሄደች።

ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ልጅ መትቼ አላውቅም፤ በዚህም ስኮራ ኖሬያለሁ።

የካቲት 23፣ የቅበላ እሑድ

ነገ ጾም ይገባል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ብርቅነሽ ከማስረሻና ከእናቶቹ ጋር ጥግ ላይ ጠበቀችኝ። ማርያማዊት ከጎኗ ነበረች። ልጅቷ እኔን ጠብቃ ጠብቃ ራሷ ነግራታለች።

«ጋሼ» አለች ብርቅነሽ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «ልጄ ሦስተኛ የሚባል ነገር የለም አለችኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሰረዙስ?»

«አላለፈችም ማለት ነው።»

ማስረሻ «የኔም አምስተኛ?» አለ። እሱም የለም አልኩት። ይጮሃል ብዬ ነበር፤ ዝም ብሎ መሬት መሬት አየ። ዝምታው ጉልበት ሰጠኝ መሰለኝ መናገር ጀመርኩ። ለራሴ አይደለም አልኩ። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነበር፤ ልጆቻችን በየአውቶቡሱ ሊበተኑ ነበር። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ነው፤ እኛ ልጆቻችንን ካላቆየንበት ማን ያቆይበታል? ጥሩ ተናገርኩ። ማስረሻ እንኳ ራሱን ነቀነቀ። አንዷ እናት «እሱስ ልክ ነው» ስትል ሰማሁ። ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ።

ብርቅነሽ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ሊሊስ ሰባተኛን እዚያው ናት?» አለች።

ማንም አልነገራትም። እናት ናት፤ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀች።

«ከተማ ቦታ አግኝታለች» አልኩ። «እናቷ ናት... አፀደ ናት የፈለገችው።»

ይሄን ማለት አልነበረብኝም። አፀደ ብቻዋን የምታደርገው ነገር እንዳልሆነ፣ ቅጹ ያለ እኔም ፊርማ እንደማይገባ፣ እዚያ የቆመው ወላጅ ሁሉ በጥር ራሱ ስለሞላው ያውቃል።

ብርቅነሽም «ለአፀደ ሊሊን ስንተኛ ናት አሏት?» አለችኝ።

ለአፀደ ደረጃ ነግሬያት አላውቅም። እንደ አስተማሪ ንገረኝ ስትለኝ ግን ያየሁትን ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ ስንቱ እንደሚወድቅ፣ ለምን እንደሚወድቅ፣ የትኛው ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው።

ብርቅነሽ ነጠላዋን አጣፋች። አልተቆጣችም፤ «ደህና ይዋሉ ጋሼ» አለችኝ፤ እንደ ወትሮዋ። ከዚያ ወደ በሩ እየሄደች «ረቡዕ ማጠናከሪያው ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው ማርያማዊትን ነው።